የሙሽራዋ ኩርባ ልቅሶ

በእኛ አገር፣ ሰው ጥፋቱን ሳያርም በስጦታ ሊያልፍ ሲሞክር የሚነገር አባባል አለ። ባል ሚስቱን አስቀይሞ አዲስ ነጠላ ይዞ ሲገባ ጎረቤቶች ይሉታል። ሹም መንገዱን ሳይሠራ በበዓል ቀን በግ ቢልክም ይባልበታል። የደብረ ሲና ሰው ካልሆናችሁ ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል። እኔ አልስቅም፤ አባባሉ ሲወለድ እዚያው ነበርኩ።

ነገሩ የጌጡ ነው። ጌጡ ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ሚኒባስ የሚነዳ አብሮ አደጌ ነው። እጁ አይሰስትም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ተሳፋሪ ይወደዋል። አንድ ድክመት ግን ነበረው፤ የሚፈራውን ነገር ቀርቦ አያየውም። አንድ ነገር ሰጥቶት ማለፍ ይወዳል። ልጅ ሆነን እንኳ የሰፈሩን ውሻ ከመሸሽ ይልቅ ምሳውን ያበላው ነበር፤ ውሻውም በየቀኑ በር ላይ ይጠብቀን ጀመር።

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ የሙሽራዋ ኩርባ የምንለው ቦታ አለ። ዱሮ የሙሽራ መኪና ገደል የገባበት ነው ይባላል። ሌሎቹን አውጥተው ቀበሩ፤ ሙሽራዋን ግን ፈልገው አጧት። ሽማግሌዎች «መቃብር የሌላት ነፍስ ናት፤ አታርፍም» ይላሉ። እኔ አላምንም እላለሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን ወሬዬን አቆማለሁ።

በዚያ ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ጌጡ ልቅሶ መስማት ጀመረ። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲለቀው ከመኪናው ፊት ቀጭን ድምፅ ይነሣል፤ ጥርሷን ነክሳ የምታለቅስ ሴት ድምፅ። መኪናው ሲፈጥን ይጨምራል። ኩርባው ላይ ሲደርስና ሲያቀዘቅዝ ልቅሶው ሳግ ይሆንና ቀስ ብሎ ይጠፋል። ጉም ባለበት ቀን ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነበር የሚያልፈው።

አንድ ቀን ፊት የተቀመጡ ባልቴት፣ «ልጄ፣ ተዝካር የሚያወጣላት የላትም እኮ። ቁራሽ ጣልላት» አሉት። ጌጡ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳቦ በመስኮት ወረወረ። ልቅሶው ጸጥ አለ። ድሮም እዚያ ቦታ ጸጥ ይል እንደነበር ማንም አላሰበም። ሲመለስ ዳቦው ከቦታው የለም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ በየምልልሱ መጣል ሆነ።

ይህን ወሬ ወይዘሮ ሸዋረገድ ሰሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጎሚስታ ቤቱን ራሳቸው የሚያሠሩ፣ ጎማ በጆሯቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ጌጡን መንገድ ላይ አስቁመው ጣቱን ያዙና የፊቱን ጎማ አስዳሰሱት።

«እንዲህ ሲሄድ?»

«ይለሰልሳል።»

«እንዲህ ሲመለስስ?»

«ይቧጥጣል፣ እትዬ።»

«እንደ መጋዝ ተበልቷል። አስፋልት ላይ ሲሮጥ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ከገዛኸው ጀምሮ ቦታ ለዋውጠህለት ታውቃለህ?»

«ያሉበት ምን አላቸው?»

«የፊቱ መሪ ሲጠመዘዝ ጠርዙ ይበላል፤ የኋላው ሲገፋ መሐሉ ያልቃል። በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ካልተለዋወጡ አንዱ ሳያረጅ ሌላው ይሞታል።»

ዕለቱን አሠሩት። በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ የኋላዎቹን በያሉበት ጎን ቀጥ አድርገው ወደ ፊት አመጡ፤ የፊቶቹን ግራና ቀኝ አሻግረው ወደ ኋላ አሰሩ። ሲጨርሱም አስጠነቀቁት፤ «ድምፁ አሁን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እንዳትደነግጥ። ሌላው ጠርዝ ሲበላ ይለዝባል። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ እንኳ መሪህን አይነጥቅህም።» ጌጡ ራሱን ነቀነቀ። ሰምቷል ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከደብረ ብርሃን አብሬው ስመለስ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ዋሻውን እንዳለፍን ልቅሶው ከእግሬ ሥር ተነሣ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሁለት እግሯን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች። እኔም፣ ነገሩን የማውቀው ሰው፣ ወደ ታች ማየት አቃተኝ። ጌጡ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ተሳፋሪው ሲወርድ እጄን ይዞ፣ «ተሳፈረች» አለኝ።

«ማን?»

«እሷ ናታ። እስከ ትናንት ከፊቴ መንገድ ላይ ነበረች። ጎማውን ስናነሣሣ በር ከፈትንላት።»

ጎማ መሆኑን ነገርኩት። «ጎማ ቢሆን ሲፈታ ዝም ባለ ነበር» አለኝ። ወይዘሮ ሸዋረገድን እንደነበረ መልሱልኝ ቢላቸው፣ «በእኔ እጅ አይሆንም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስለዚህ ራሱ ፈታ፣ ራሱ አሰረ። ክሪኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ይህንን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ግን አልዋሽም፣ ልቅሶው ከእግሬ ሥር ስለሄደልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጌጡ ጥር ላይ የደብረ ብርሃኗን የሺመቤትን ሊያገባ ነው። ልጅቱ ልብስ ለመግዛት አብራው ስትመላለስ ልቅሶውን ሰምታዋለች።

«ጌጡ፣ ይህን ጎማ አሠራው። ያስፈራኛል» አለችው።

«አታስቢ፤ በሠርጋችን ቀን ሙሉ ድፎ እጥልላታለሁ።»

«እኔ የምለምንህ ስለ እኔ ነው። በዚህ መንገድ የምታመጣኝ እኔን ነው።»

በሳምንቱ የወርቅ ጉትቻ ገዛላት። ደግማ ስትለምነው ሐብል ጨመረላት። ጎማው ግን ያው ነው።

የሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ይዘን ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ፀሐይ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ጌጡ ራሱ ነው፤ ለሌላ አላምንም ብሎ። አጠገቡ የሺመቤት፣ ከኋላዋ አጎቷ አቶ ይርዳው፣ ከዚያ እኛ ሚዜዎቹ። ድፎው በሰፌድ ላይ ተሸፍኗል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዋሻው ውስጥ እየዘፈንን ገባን፤ ስንወጣ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀን። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ውጦታል። ልቅሶውም ተነሣ። እንደዚያ ቀን ጮክ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ዘፈኑ አንድ ባንድ ከአፋችን ወደቀ።

«ቀስ በል» አለችው የሺመቤት።

«እሺ፤ ደረስን፤ ልጥልላት ነው።»

ኩርባው ላይ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል፣ አስፋልቱ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋቢ ተከናንበዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ሐዘን ቤት የተቀመጠ ለቀስተኛ ነው የሚመስሉት። አንዱ ሚዜ፣ «ሊወስዷት መጡ» ሲል ሰማሁት።

ጌጡ ፍሬኑን ረገጠ። የቀኙ የፊት ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። መሪው ከእጁ ተፈልቅቆ ዞረ፣ መኪናው የገደሉን የድንጋይ አጥር ደርምሶ ቆመ። የፊቱ አንድ እግር አየር ላይ ነው። ከታች ድንጋዩ ሲንከባለል ለብዙ ጊዜ ሰማነው።

ያን ጊዜ ለቀስተኞቹ ተነሡ። ጋቢያቸው ጎፈሬያቸው ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ናቸው። ለወራት የተጣለውን ዳቦ ሲበሉ ከርመው፣ የጌጡን መኪና ድምፅ ሲሰሙ መንገድ ላይ ወጥተው መጠበቅ ለምደዋል። አንደኛው ወደ መስኮቴ ቀረበና እንደ ሰው እጁን ዘረጋ። ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መኪናው እንዳይናጥ ትንፋሻችንን ይዘን አንድ ባንድ በኋላው በር ወረድን። ማን ከማን ጋር እንደሆነ ሳንለይ ቆመን ሳለ ልቅሶው እንደገና ተሰማ።

ሁላችንም የፊቱን ጎማ አየን። ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ አይዞርም። ልቅሶው ግን ከጉሙ ውስጥ፣ ከገደሉ አፍ ይመጣል፤ የሴት ነው። ጌጡ ተመልሶ እጁን ወደ መኪናው ሰደደና ከድፎው ትልቅ ቁራሽ ገምሶ አወጣ። «ልስጣትና ትረፍ» እያለ ወደ ድምፁ ሄደ። አቶ ይርዳውና እኔ ተከተልነው።

ከፈረሰው አጥር ጫፍ ላይ ነጭ ልብስ አየን። ቬሉ ከጉሙ ጋር ስለተቀላቀለ ፊቷ እስኪታይ ድረስ ማን እንደሆነች አላወቅንም። የሺመቤት ነበረች። እግሮቿን ሰብስባ፣ ሐብሉንና ጉትቻውን አውልቃ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ታለቅሳለች።

ጌጡ እፊቷ ቆመ። ዳቦውን ዘረጋላት።

«እንኪ፣ ቅመሺ። ተርፈናል እኮ።»

«ያ ጎማ ያለቅሳል፣ አሠራው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ?» አለችው። አላየችውም።

«የፈለግሽውን እገዛልሻለሁ፣ የሺ። ብቻ ተነሺ።»

አቶ ይርዳው ዳቦውን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱና አሉት፦ «ተው ልጄ፤ የሚያለቅስ ጎማ በዳቦ አይባበልም።»