አባት የሌለው ሙሽራ

አንድ ጊዜ፣ የሰኔ ዝናብ ሊገባ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ እሜቴ ዘርፌ የሚባሉ የጉንዳን ንግሥት በአንድ ዋርካ ሥር ይኖሩ ነበር። እሜቴ ባል አግብተው አያውቁም። ብቻቸውን እንቁላል ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉም ቁርጥ እሳቸውን የሆኑ ሴቶች ልጆች ይፈለፈላሉ። ሺህ ልጅ፣ አንድ መልክ! «ከእኔ የተሻለ ማን አለና?» ይሉ ነበር። እንዲህ የሚሉ በእኛም ሰፈር አይጠፉም።

ከልጆቻቸው መካከል ክንፍ ያወጣችው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ከማዶው ጉድጓድ ደግሞ ቸኮል የሚባል ክንፋም ወንድ ጉንዳን ወደዳትና ቀበሮንና ጅብን ሽማግሌ ላከ። ጅብ የመጣው «ሠርግ ካለ ሥጋ አለ» ብሎ ነው።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ።

«ሰባት ቤት ቁጠሩልኛ! አባቱ ማን ነው?» አሉ እሜቴ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እሜቴ፣ በእነሱ ቤት ሴቷ ከአባት ትወለዳለች፤ ወንዱ ግን አባት የለውም። እናቱ ወንድ ሳይነካው ከጣለችው እንቁላል ነው የሚፈለፈለው። የእናቱ አባት ግን ነበሩ፤ አያት አለው።»

«አባት ሳይኖር አያት!» ብሎ ጅብ ሳቀ። «ታዲያ ሥጋው መቼ ነው?»

«አባት ለሌለው ልጄን አልድርም!» አሉ እሜቴ።

«ይቅርታዎን እሜቴ፣ የእርስዎስ ልጆች አባት ማን ነው?» አለ ቀበሮ።

የእሜቴ ፊት ተለወጠ። «ውጡልኝ! ለልጆቼ እኔ እበቃቸዋለሁ!» ብለው አባረሯቸው። ትርንጎ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች፤ አለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ጉድጓዱ ረጠበና ነጭ ሻጋታ ገባበት። መጀመሪያ አንዷ ወደቀች፤ እሷን ላንሣ ያለችውም ወደቀች። የሁሉም ገላ አንድ ስለነበር፣ አንዷን የጣለ በሽታ ሌላዋን ለመጣል አልተቸገረም።

ትርንጎ እናቷ እግር ሥር ተደፋች። «እማዬ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ብቀር ነገ ተራው የእኔ ነው፤ ብቻዬን ብወልድም ለሻጋታ ነው የምወልደው። ወንዶቹ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚበሩት፤ ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች። ልሂድ?»

እሜቴ የወደቁትን ልጆቻቸውን አዩ። ሁሉም የራሳቸው ፊት ነበር። ልባቸው ተሰበረ። «ሂጂ ልጄ። ያን ልጅ ያለ ጥፋቱ አዋርጄዋለሁ፤ ይቅርታ በይልኝ» አሉ።

ትርንጎ በረረች። ቸኮልም ከሩቅ ለይቷት መጣ።

«እናቴ ይቅርታ ብላሃለች» አለችው።

«ለመቀየም ጊዜ የለኝም» አለ እየሳቀ። «ለሠርጉ የበረረ ወንድ ጉንዳን ዕድሜው እስከ ማታ ነው።»

እዚያው አየር ላይ ተጋቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቸኮል ሞተ። ትርንጎ አለቀሰችለት፤ ከዚያም እንደ ጉንዳን ሙሽሮች ወግ ክንፎቿን ነቅላ ጣለችና ደረቅ ጉብታ ላይ መቆፈር ጀመረች። በሕይወት የተረፉት እናቷም እየተንፏቀቁ መጥተው ተጠጓት።

የትርንጎ ልጆች አንዷ እናቷን፣ አንዷ አባቷን ትመስላለች፤ ማንንም የማትመስልም ነበረች። በቀጣዩ ክረምት ሻጋታው ተመልሶ መጣ። ግማሾቹ ታመሙ፤ ግማሾቹን ግን ሊጥላቸው አልቻለም። የጸኑት የታመሙትን እየላሱ አጸዷቸው። እሜቴ ዘርፌም ታመው ነበር። አንዲት ቀይ፣ እግረ ረጅም የልጅ ልጅ ሌት ተቀን እየላሰች አዳነቻቸው።

እሜቴ ዓይናቸውን ገልጠው አዩአት። «እሰይ!» አሉ። «እሰይ፣ እኔን አትመስልም!»

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉም እኔን ይምሰል ያለ ቤት በአንድ በሽታ እንደሚያልቅ፣ ከሌላ የተዛመደ ቤት ግን ከሚወድቁት ጎን የሚያነሣ እንደማያጣ ነው።