የመበለቲቱ ምስክር

ምላሷ ከምላጭ የሰላ አንዲት መበለት ለምርጫ ልትመዘገብ ሄደች። መዝጋቢው አቶ ወንድይፍራው የሰፈሩ እድር ዳኛም ስለሆኑ ደህና አድርገው ያውቋታል። የመታወቂያዋ ጊዜ ማለፉን ሲያዩ ግን እንደ ባዳ ገላመጧት።

«ሕግ ሕግ ነው። መዝገባችን ላይ ስሙ ያለ ሰው ካልመሰከረልሽ አልመዘግብሽም። በእኔ መዝገብ ዝንብ እንኳ ሾልካ አትገባም» አሉ ኮራ ብለው።

ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመራጮች ስም ዝርዝር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዱ ስም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ማጣራቱስ ደግ ነው። ይኸው ባለቤቴ ጥላዬ እዚህ አለ፤ እሱ ይመስክርልኝ» አለች። «ብቻ እርስዎ ያስጠሩልኝ። የት እንዳለ ያውቃሉ፤ የዛሬ አራት ዓመት ጥሩምባ አስነፍተው ያስቀበሩት እርስዎ ነዎት።»