ገበጣው የበላው ጥላ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የሚሰማ ይጠጋ፣ የሚፈራ አሁኑኑ ይተኛ።

አንጓች የምትባል ሙሽራ ከቆላ ተድራ ደጋ ወጣች። ከመንደሩ በላይ ከአለት የተፈለፈለ ገበጣ አለ፤ አጠገቡ እሳት ይነድዳል፤ አያ ቢያዝን የሚባሉ ሽማግሌ ጧት ማታ እዚያው ናቸው። አንጓች ደግሞ ጨዋታ ትወዳለች።

"አያ፣ አንድ ጊዜ ላጫውትዎ?"

"ምን ታስይዣለሽ?"

"ምን አለኝ ብለው! ጥላዬን ላስይዝ" ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ጠጠሩን ዘሩ። የሽማግሌው የመጨረሻ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ወደቀች። በአንጓች አገር እንዲህ ሲሆን ተራ ይለቀቃል። እሳቸው ግን ከፊት ለፊት ያለውን የእሷን ጉድጓድ ሙልጭ አድርገው በሉት።

"ውይ አያ፣ ይህን ሳይነግሩኝ?"

"አልጠየቅሽኝም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው።"

ተሸነፈች። ጥላዋ ከእግሯ ሥር እየተሳበ ጉድጓዱ ገባ። ሽማግሌው አንድ ጠጠር ጣሉበት፤ መዳፋቸውንም ከደኑበት።

ቤት ስትደርስ አማቷ መሬቱን አይተው በሩን ገርበብ አደረጉት። "ልጄ፣ ጥላ የሌለውን ሰው አላስገባም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላስመለስሽው የድንጋዩ ነሽ። ስንቱ እንግዳ እንዲህ ሆኖ ቀረ።" አንጓች ወደ ገበጣው እየሮጠች ተመለሰች።

"ጉድጓድ፣ ጥላዬን መልስ።"

"አልመልስም፤ ጠጠር ተጭኖኛል።"

"ጠጠር፣ ተነስ፤ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

"አልነሳም፤ እጅ ከድኖኛል።"

"እጅ፣ ልቀቅ፤ ጠጠር አልነሳ አለ፣ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

ሽማግሌው ሳይሆኑ የመለሰላት እጃቸው ነው። "አልለቅም፤ ብርድ አልነከሰኝ።"

ብርድ ከገበጣው አጠገብ ባለው ገደል አፋፍ ተቀምጧል። "ብርድ፣ ንከስ፤ እጅ አልለቅ አለ፣ ጠጠር አልነሳ አለ፣ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

"አልነክስም፤ እሳት ያባርረኛል።"

"እሳት፣ ጥፋ፤ ብርድ አልነክስ አለ፣ እጅ አልለቅ አለ፣ ጠጠር አልነሳ አለ፣ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

"አልጠፋም፤ እንጨት ያበላኛል።"

አይ የሷ ነገር! ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ እነዚህ ደግሞ አንዱ በሌላው ያሳብባሉ።

"እንጨት፣ እርጠብ፤ እሳት አልጠፋ አለ፣ ብርድ አልነክስ አለ፣ እጅ አልለቅ አለ፣ ጠጠር አልነሳ አለ፣ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

"አልረጥብም፤ ጉም አልነካኝ።"

ጉም ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ይወጣል። "ጉም፣ ንካው፤ እንጨት አልረጥብ አለ፣ እሳት አልጠፋ አለ፣ ብርድ አልነክስ አለ፣ እጅ አልለቅ አለ፣ ጠጠር አልነሳ አለ፣ ጉድጓድ ጥላዬን አልመልስ አለ።"

ጉም ቆመ። ድምፁ ከጆሮዋ ሥር መጣ። "እኔ ስመጣ ሰው ሁሉ ጠጠሩን ጥሎ ይነሳል። ጨዋታውን ማንም አላሳየኝም። አጫውቺኝ። ካሸነፍሽ የምትዪኝን አደርጋለሁ፤ ካሸነፍኩሽ ይዤሽ እወርዳለሁ።"

አንጓች አፈሩ ላይ ጉድጓድ ማሰች። ያንን የባዶ ጉድጓድ ደንብ ብትደብቀው ማን ያውቅባታል? ልቧ ፈለገ፤ አልዋሻችሁም። ግን እሷን ያቃጠላት ይኸው ነገር ነው። ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ተጫወቱ። የጉም የመጨረሻ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ወደቀች፤ ከፊት ለፊት ያለውን በላ፤ አሸነፈም። አንጓች ዓይኗን ጨፍና መወሰዷን ጠበቀች። ፊቷን እርጥብ ነገር ዳሰሳት።

"ይህን ደንብ ባትነግሪኝ ታሸንፊኝ ነበር" አለ ጉም። "የነገረኝን ሰው አልወስድም፤ የለመንሽኝንም አደርጋለሁ።"

ጉም እንጨትን ነካ፤ እንጨት ረጠበ፤ እሳት ጠፋ፤ ብርድ ነከሰ፤ እጅ ለቀቀ፤ ጠጠር ተነሳ፤ ጉድጓድ ጥላ መለሰ።

ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይ ገና ከአድማሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ጥላዋ እየተሳበ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ፤ ቤት ስትደርስም አማቷ በሩን ከፈቱላት።

ከጉድጓዱ ግን ሌላ ጥላ ወጣ፤ ከሱም ኋላ ሌላ። ባለቤቶቻቸው ከሞቱ የቆዩ የእንግዶች ጥላዎች ናቸው። መሄጃ የላቸውምና ገበጣውን ከበው ተቀመጡ። ሽማግሌው ሊነሱ ሲሉ አንዱ ጥላ ልብሳቸውን ያዝ አደረገና ጠጠሩን ወደ እሳቸው ገፋው።

"አያ ቢያዝን፣ መጀመሪያ ደንቡን ይንገሩን።"

ተረቴ ይህችው ናት፤ አፌን በምን እንደምታብሱት እናንተ ታውቃላችሁ።