ሁለት ሳምንት የሚኖሩት ቢራቢሮዎች

አንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። ትርኢቱን ከወቅቱ ጋር ይለዋውጣል፤ በክረምት እንጉዳይና እንቁራሪት፣ በበጋ የዛፍ ፍሬና ዘር ያሳያል። መስከረም ሲጠባ ግን አንዱን ክፍል በአበባ ሞልቶ፣ ነፍስ ያላቸውን ቢራቢሮዎች ይለቅበታል። ይህን የሚያዘጋጁት ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ከሐምሌ ጀምረው አባጨጓሬዎቹን ቅጠል እየመረጡ ይመግባሉ። ቢራቢሮዎቹ ክንፍ አውጥተው የሚበሩት ግን ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ዳምጠው የሚባል አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ቅን ሰው ነው፤ ከንቱ ድካም ግን አይወድም። ክፍሉን ሊዘጋው አሰበና ወይዘሮ ይመኙሻልን አስጠራቸው።

«እናቴ፣ መስታወት ውስጥ በመርፌ የተሰኩት ቢራቢሮዎች አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቀለማቸው እንኳ አልለቀቀም። ለሁለት ሳምንት ዕድሜ ይህን ያህል መልፋት ለምን አስፈለገ?»

«ልጄ፣ እኔ ማስረዳት አላውቅበትም» አሉት። «ከመዝጋትህ በፊት ግን አንድ ቀን እዚያ ቆመህ እይ።»

በማግስቱ ሄዶ ቆመ። ሰዎች በመስታወቶቹ ፊት ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ያልፋሉ። ወደ ቢራቢሮዎቹ ክፍል ሲገቡ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በአንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር መዳፍ ላይ ቢጫ ቢራቢሮ አረፈች። ሰውየው ትንፋሹን ውጦ ቆመ።

ዳምጠው ቀረብ ብሎ «እጅህ አልዛለም?» አለው።

ሾፌሩ በሹክሹክታ «ዝሏል። ግን ስትፈልግ ራሷ ትሂድ እንጂ እኔ አላስነሣትም» አለ።

ጥቂት ቆይቶ በዳምጠው እጅጌ ላይም አንዲት ሰማያዊ አረፈች። የስብሰባ ሰዓት ደርሶ ነበርና ስልኩ ጠራ፤ አላነሣውም። ክንፎቿ ሲከፈቱና ሲከደኑ እያየ፣ ከልጅነቱ ወዲህ አንድን ነገር እንዲህ ትክ ብሎ አይቶ እንደማያውቅ ተሰማው።

ቢራቢሮዋ በርራ ስትሄድ ወደ ወይዘሮ ይመኙሻል ሄደ። «ለከርሞ ምን ላሟላልዎት?»

«ቅጠል የሚለቅም ሰው።»

ሐምሌ ሲገባ ቅርጫት ይዞ የመጣው ራሱ ዳምጠው ነበር።

የአንድ ነገር ክብር በዕድሜው ርዝመት አይለካም። ሰው ሁልጊዜ ያለ የሚመስለውን አይቶ ያልፋል፤ እንደሚሄድ ላወቀው ግን ትንፋሹን ይውጣል። አብረውን የሚኖሩትም እንደሚሄዱ እንዘነጋለን እንጂ ሁሉም ሂያጆች ናቸው። ዛሬ ቆም ብላችሁ ልታዩት የሚገባ ማን አለ?