አያ ጅቦ ያመጣው ረጅም ጥርስ

ጆሮ ያላችሁ ወዲህ ቅረቡ፤ ተረት መጥቷል።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል እንጨት ቀራጭ ነበረች። በቤቷ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ትንሽ መቅረጫ ማሽን ነበራት። ማሽኑ በሚሽከረከር የብረት ጥርሱ እንጨቱን እየጫረ ሐረግና አበባ ያወጣል። ጥርሱ ወርዶ የእንጨቱን ፊት የሚነካበት ከፍታ ዜሮ ይባላል። ማሽኑ ጥልቀቱን ሁሉ የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ዜሮው ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ስስ የዋንዛ ሳንቃ ይዞ መጣ።

«እመት ጃርት፣ አጥንት ለማኖርበት ሣጥን ክዳን ይሆነኛል። ሐረግ ቅረጪበት። ሳንቃዬን ከበሳሽው ግን እበላሻለሁ። ተስማማን?»

እመት ጃርት ፈራች። ሥራዋን ግን ታውቃለችና «እሺ» አለች።

አያ ጅቦ የፈለገው ክዳኑን አልነበረም። ያለ ምክንያት ቢበላት ጎረቤት ሁሉ ይነሣበታል፤ ስለዚህ ምክንያት ፈለገ። «እስቲ ማሽንሽን ልየው» ብሎ ተጠጋና የብረቱን ጥርስ በራሱ ጥርስ ቀርጥፎ ሰበረው።

«ውይ፣ አመለጠኝ! ግድ የለም፣ ምትክ ይዤልሻለሁ።»

ምትኩ ከተሰበረው ይረዝም ነበር። አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና መጠበቅ ጀመረ።

እመት ጃርት አዲሱን ጥርስ አሰረች፤ ሳንቃውንም ጠረጴዛው ላይ አጥብቃ ያዘችው። ጣቷ ማስጀመሪያው ላይ ሲደርስ እሾኋ ሁሉ ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ማሽኑ። «ዜሮውን እንደሆነ ትናንት ለክተሽ ሰጥተሽኛል።»

«ትናንት እኔ አልነበርኩም» አለ ጥርሱ። «የተሰበረው ጥርስ በሚነካበት ቦታ እኔ ሳንቃውን በስቼ እወጣለሁ።»

«ኧረ በሕግ!» ብሎ ሳንቃው ጮኸ።

«አለቀ?» አለ አያ ጅቦ ከደጅ።

«ገና ነው፣ አያ ጅቦ።»

እመት ጃርት ጎንበስ ብላ በአንድ ዓይኗ ለካች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበርና አላመነችውም። ያኔ አንድ ቁራጭ ወረቀት ከጠረጴዛው ጥግ ተናገረ።

«ጥርሱ ሳይሽከረከር ከሥሩ አስገቢኝ። እየሳብሽኝ ቀስ በቀስ አውርጂው። ሲይዘኝ እነግርሻለሁ።»

ጥርሱን አወረደችው፤ ወረቀቱን ሳበችው። ሸርተት አለላት።

«ገና ነኝ።»

«አለቀ?»

«ገና ነው፣ አያ ጅቦ።»

ደግሞ አወረደችው፤ ደግሞ ሳበችው።

«ቀረበኝ፤ ግን አልነካኝም።»

«አላለቀም እንዴ? ሆዴ ጮኸ እኮ!»

«ሆድህ ምን አገባው፣ አያ ጅቦ? የመጣኸው ለክዳን አይደለም እንዴ?»



ሦስተኛ ጊዜ የፀጉር ያህል አወረደችው።

«ያዘኝ! ያዘኝ! እንዳትጨምሪ!»

«እንግዲያው ዜሮ እዚህ ነው» አለ ማሽኑ።

«የእኔስ ውፍረት?» አለ ወረቀቱ። «እኔ ስወጣ ክፍተት ይቀራል። እሱንም አስቢ።»

ወረቀቱን አወጣችና ጥርሱን የወረቀቱን ውፍረት ያህል ዝቅ አደረገችው። ማሽኑንም «የትናንቱን እርሳ፤ ዜሮህ ይህ ነው» አለችው። ማሽኑ ቅር እያለው ረሳ።

ከዚያ ማስጀመሪያውን ተጫነች። ጥርሱ እየጮኸ ወረደ። እመት ጃርት ዓይኗን ጨፈነች። አያ ጅቦ ብድግ አለ። ብናኙ ቦነነ፤ ጩኸቱም ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ቆመ።

አያ ጅቦ ዘሎ ገባና ሳንቃውን ገለበጠው። ቀዳዳ የለም። በጥፍሩ ዳሰሰው። የለም። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። የለም። ከፊቱ በኩል ሐረጉ ዙሪያውን ተጠምጥሟል።

«ምነው፣ አላማረም?» አለች እመት ጃርት።

«አምሯል» አለ አያ ጅቦ፣ አንገቱን ደፍቶ። ክዳኑን ተሸክሞ፣ ሆዱ እየጮኸ ወደ ጫካው ሄደ።

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም ጥርሱ በተለወጠ ቁጥር ዜሮውን እንደገና ለኩ፤ ማሽን የነገሩትን ያስታውሳል እንጂ የተለወጠውን አያይም።