በክረምት የሚጠፋው መንገድ መሪ

«አንድ መንገድ መሪ ነበረ» አሉ መምህሩ፣ ልጅቷ ጥያቄዋን ስትጨርስ።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች የተማረችው ሁሉ ይገባት ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ለብቻዋ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ግን ባነበበች ቁጥር ይብስ ይጨልምባታል። «ልተወው ይሆን?» ነበር ያለቻቸው። መምህሩም እሺም እንቢም ሳይሉ እንዲህ ብለው አወሯት።

አንድ መንገድ መሪ ነበረ። ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን እየመራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሻግር፣ ጭላዳው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ዋልያው የት እንደሚውል የሚያሳይ ሰው ነው። ይህ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ ተራራው ጉም ይለብሳል፣ እንግዳም አይመጣም። ያኔ ሌሎቹ መንገድ መሪዎች ጠላ ቤት ተሰብስበው ካርታ ይጫወታሉ፤ ያለፈው በጋ እንግዶች ዳገት ላይ እንዴት ያለከልኩ እንደነበር እያስመሰሉ ይሳሳቃሉ። ይህ ሰው ግን ላስቲኩን ደርቦ፣ በሶውን ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል።

ሚስቱ ዘርፌ ትባል ነበር። ዘርፌ የባሏን ነገር የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እንግዳ የለ፣ የሚጠፋ ከብት የለ፣ ምን ፍለጋ ነው የሚሄደው? ማምሻውን ልብሱ እየተንጠባጠበ ሲመለስ ትጠይቀዋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ጠፋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥኩ።»

«ዝናብ ላይ?»

«ዝናብ ላይ። ውሃውን ሳይ ቆየሁ።»

አንድ ቀን በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ መጣ። አንዱን ጭቃ ውጦበታል። ሰውየው ግን በሬ የገዛ ያህል ፊቱ በርቶ ነበር። «እዚያ ጋ መሬቱ እንደሚውጥ አላውቅም ነበር እኮ!» ይላል። ዘርፌ የቀረውን ጫማ አንስታ አየችው፤ ባሏንም አየችው። ትስቅ ወይስ ታልቅስ? እሱንም አላወቀችውም።

ጎረቤቷ ደግሞ አላስቀምጥ አለቻት። «እንዲያው ዘርፌ፣ ጠበል ብትወስጂውስ? ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር ለመጥፋት ብሎ ይሄዳል?»

ዘርፌን የከነከናት ይኸው ነበር። መንገድ መሪ ጠፋ ከተባለ ማን ይከተለዋል? ይህን ለባሏ ስትነግረው እንዲህ ይላታል፦ «በበጋ መንገዱ ተረግጦ ለስልሷል፣ እንግዳውም ያየዋል። በክረምት ያው ተራራ ሌላ ነው። አላውቀውም። የማላውቀውን ደግሞ ሳልጠፋበት ማወቂያ ዘዴ አላገኘሁም።» እሷም ነገሩን ይዛ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሽሮ ስታማስል እውነት ይመስላታል። ድስቱን ስታወርድ ደግሞ ያ እውነት የመሰላት ነገር የት እንደገባ ታጣዋለች።

ነሐሴ ላይ ከተራራው ማዶ መልእክት መጣ። የዘርፌ እናት ታመዋል፣ ደክመዋል፣ ልጆቼን ልያቸው ብለዋል። የመኪናውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ያለው አማራጭ ተራራውን በእግር ማቋረጥ ብቻ ነው።

የዘርፌ ወንድምም መንገድ መሪ ነበር። እንዲያውም ከባሏ ይልቅ ስሙ የሚጠራው የእሱ ነው። «እኔ እወስድሻለሁ» አላት። «ባልሽማ መጀመሪያ ራሱን ያግኝ!» ዘርፌም አላመነታችም። እናት ሞት አፋፍ ላይ ሆና ከሚጠፋ ሰው ጋር ማን ይሄዳል? ወንድሟ ከፊት፣ እሷ መሃል፣ ባሏ ከኋላ ሆነው ወጡ። ባሏ ለምን ከኋላ አደረጋችሁኝ አላለም።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ወረደ። ከፊቷ የሚሄደው ወንድሟ አንዴ ሰው፣ አንዴ ቀጥ ብሎ የቆመ የጅብራ ተክል እየመሰላት ዳናውን ብቻ እያየች ትከተለዋለች። በዚያ ተራራ በክረምት መንገዱ ሁሉ ውሃ ይወርድበታል፤ ውሃ መውረጃውም ሁሉ መንገድ ይመስላል። ወንድሟ ውሃውን እየረገጠ ቁልቁል ተያያዘው። ሲሄዱ ቆይተው ከኋላ የባሏ ኮቴ ዝም አለ።

ዞር ብላ አየችው። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእፍኙ ዘግኖ ያያል። ቀመሰውም።

«መንገድ አይደለም ይህ» አለ። «ውሃው ኩልል ያለ ነው። መንገድ ላይ የሚወርድ ውሃ ሰውና ከብት ስለሚረግጠው ይደፈርሳል። ይህን ከእኛ በቀር ማንም አልረገጠውም። ጠፍተናል።» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «እሰይ! ዘንድሮ ቀንቶሃል፤ እኛንም ይዘህ ጠፋህ!» ከዚያ ሳቁን ተወና ተቆጣ። «ይህን ተራራ እንደ ጓዳዬ ነው የማውቀው። ተነሽ ዘርፌ፣ እናታችን ትጠብቃለች።»

እናታችን ትጠብቃለች የሚለው ቃል ዘርፌን አንቀሳቀሳት። ወንድሟን ተከትላ ወረደች። ልቧ ግን እዚያው ድንጋዩ ጋ ቀረ። አንደኛው አውቃለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ጠፍቻለሁ ይላል። የሚያውቀውን መከተል ነው እንጂ ደግሞ ምን ይታሰባል? ታዲያ እግሯ ለምን ከበዳት?

«ወንድሜ» አለችው፣ «ጠፍተን ቢሆንስ?»

«እኔ በዕድሜዬ ጠፍቼ አላውቅም!»

«ከጠፋህ ታዲያ በምን ታውቀዋለህ?»

ወንድሟ እጁን ወደ ቁልቁለቱ ቀሰረ። ውሃው በመካከላቸው እየተንሿሿ ይወርዳል። ዘርፌም ተመልሳ ወጣችና ባሏ አጠገብ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች።

«እሺ፣ ይኸው፣ ውሰደን እንግዲህ» አለችው።

«ወዴት እንደሆነ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ዱላውን ቀምታ በራሱ ዱላ ብታቀምሰው ደስ ባላት። «ታዲያ የምታውቀው ምንድን ነው አንተ ሰውዬ?»

«ወዴት እንደማንሄድ» አለ። «ቁልቁል አንሄድም። የዚህ ተራራ ውሃ መጨረሻው ገደል ነው። ሽቅብ እንመለስና ድፍርስ ውሃ ከጎን የሚገባበትን እንፈልግ።»

«ድፍርሱ ደግሞ ምን ያደርግልናል?»

«የታረሰ መሬት አጥቦ ነዋ የሚደፈርሰው። የታረሰ ካለ ያረሰ አለ።»

ሽቅብ ተመለሱ። ወንድሟም እየተነጫነጨ ከኋላ ተከተለ። ባሏ አንዳንዴ ይቆማል፣ እጁን ውሃ ውስጥ ይከታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ድፍርሱን ውሃ አገኘሁ ብሎ ሲከተለው ዝናብ የናደው የገደል አፈር ሆኖ ተገኘ፤ ተመለሱ። ዘርፌ በልቧ ጎረቤቴ እውነቷን ነው፣ ጠበል ነበር የሚያስፈልገው አለች። በኋላ ግን ከግራ በኩል ቀጭን፣ ቡና የመሰለ ውሃ ሲገባ አዩ። እሱን ይዘው ወጡ። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የውሻ ጩኸት፣ ቀጥሎ የገብስ ማሳ፣ ቀጥሎ ቤት መጣ። የቤቱ ባለቤት ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳያስተካክል ወጥቶ እስከ ማዶው መንገድ ሸኛቸው።

እናት በሕይወት ነበሩ። ልጃቸው በጭቃ ተለውሳ ስትገባ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩዋትና በደከመ ድምፅ፣ «ምነው ልጄ፣ ጠፋሽ እኮ!» አሏት።

«አዎ እማዬ፣ ጠፍቼ ነበር» አለች ዘርፌ፣ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ እየመጣባት።

እናትዬዋ መስከረምን አላዩም። ሲያርፉ ግን ዘርፌ እጃቸውን ይዛ ነበር። ወንድሟ ለለቀስተኛው ሁሉ፣ «ጉሙ ነው እንጂ መንገዱንማ አውቀዋለሁ» እያለ ሲያወራ ሰነበተ። ዘርፌም ብትሆን የባሏ ነገር ሙሉ በሙሉ ገባኝ ብላ አታውቅም። በቀጣዩ ክረምት ላስቲኩን ሲደርብ ግን በሶውን የቋጠረችለት እሷ ነበረች።

መምህሩ ይህን ጨርሰው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት የበጋ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ረግጦታል፤ መምህሩ ከፊትሽ ይሄዳል፣ አንቺ ዳናውን ትከተያለሽ። በዚያ መንገድ ገባኝ ማለት ቀላል ነው። ያ ወንድምየውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ በበጋ ያወቀውን ለክረምትም ይበቃኛል ብሎ ነው። አሁን ተራራው ላይ አንቺና መጽሐፍሽ ብቻ ቀርታችኋል። ቢጨልምብሽ አልተማርሽም ማለት አይደለም፤ መንገድ መሪው የሚማረው እንዲህ ነው። ግን ደግሞ እየጠፋሽ ወደ ፊት አትሩጪ። ቁጭ በይና ጠፍቻለሁ በይ። ከዚያ ሽቅብ ተመለሽ፣ የሰው እጅ የነካው ቃል፣ ከቤትሽ ከደጅሽ የምታውቂው አንድ ነገር እስክታገኚ። እሱን ይዘሽ ውጪ።»

«መምህር፣ ምሳሌውም ራሱ ግራ ገባኝ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

መምህሩ ሳቁ። «እሱስ ጥሩ ነው። ግራ ገባኝ የሚል ሰው ቢያንስ የገባው ግራው መሆኑን አውቋል። ቀኝ ነው ብሎ ከሚሮጠው ይሻላል። በይ መጽሐፉን ክፈቺ። የቱ መስመር ላይ ነው የጠፋሽው?»

ልጅቷ መጽሐፉን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።