አህያ ዘይት የቀየረች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ጭነት ከጀርባዋ ወርዶ ወደ ጎማ የተዛወረላት አንዲት አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ የእህልና የከሰል ጆንያ ስትሸከም ኖራ፣ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዛች። ፒክአፗ በሯ ሲዘጋ መስኮቷ ይወርዳል፤ ጥሩምባዋ ሲነካ የዝናብ መጥረጊያዋ ይወዛወዛል። ለአህያ ግን ከእሷ የበለጠ ቆንጆ ነገር በምድር ላይ አልነበረም። ጆንያው ከኋላ፣ እሷ ከፊት! መሪዋን ጨብጣ በገበያ መሀል ስታልፍ «ዞር በሉ እስቲ፣ ጭነት ነው!» እያለች ትጮኻለች። ያቺ ቃል ድሮ እሷን የሚነዱ ሁሉ የሚጮኹባት ቃል ነበረች።

አንድ ሰሞን ሞተሩ ያጉረመርም ጀመር። አህያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛ ብታይ፣ ዘይቱ እንደ ቅጥራን ጠቁሯል። ዘይቱ ካልተቀየረ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፤ አንዴ ከነከሰ ደግሞ አይዞርም። ያን ጊዜ ጆንያው የት እንደሚመለስ ጀርባዋ ከእሷ በፊት ያውቃል።

ጋራዥ ያለው ከወንዝ ማዶ ነው። በዚያ ዘይት እዚያ ድረስ መንዳት አይታሰብም። ዘይቱን እቤት እንዳትቀይር ደግሞ የምትኖረው በጌታው አንበሳ ግቢ ነው። ጌታው አንበሳ ግቢያቸውን ነጭ ድንጋይ ካስነጠፉ ወዲህ ጧት ማታ አጎንብሰው ያዩታል። «አንዲት የዘይት ጠብታ ድንጋዬ ላይ ካየሁ፣ አንቺም መኪናሽም ውጪ ናችሁ!» ብለው አስጠንቅቀዋታል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አህያ እጅጌዋን ሰበሰበች። መቸኮል አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ስትጫን ያየችው ነገር አለ፤ ጆንያ መንገድ ላይ የሚፈሰው መንገዱ ከፍቶ ሳይሆን ሲጫን በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጥሩ ሥር ጥላ ውስጥ ከቆመችው ፒክአፕ በታች ሰፊ ላስቲክ አነጠፈች። የላስቲኩን ጠርዝ ዙሪያውን በጣውላ ላይ አስደግፋ ከፍ አደረገችው። ካርቶን ዘረጋችበት፤ ከእንጨት ቤት የለመነችውን ሰጋቱራ በተነችበት፤ መሀሉ ላይ ትልቅ ሳፋ አስቀመጠች። አዲሱ ዘይት፣ አዲሱ ፊልትሮ፣ ጨርቅ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ሁሉም አጠገቧ ሆነ።

ይሄን ጊዜ ቀበሮ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለ። እሱም የጌታው አንበሳ ተከራይ ነው። ፒክአፗ የቆመችበትን ጥላ ለወንበሩ ከተመኘው ቆይቷል። ከጀርባው ውሃ የሞላ የልብስ ማጠቢያው ተቀምጧል፤ አጥቦ ያሰጣው ነጭ ጋቢ ይንቦገቦጋል።

«እመት አህያ፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ዘይት ልቀይር ነው፣ ጋሽ ቀበሮ።»

«ጎሽ! አሮጌውስ?»

«ይደፋላ።»

«ይደፋ እንጂ!» አለና ፈገግ ብሎ ሄደ። አህያ ፈገግታው አላማራትም፤ ግን ሥራ ነበረባት።

ሞተሩን አስነሥታ ጥቂት አሞቀችው፣ አጠፋችው። ከሥሩ ገብታ የዘይት ማውረጃውን ቡሎን በመፍቻ ላላ፣ ላላ አደረገችና ነቀለችው። ዘይቱ ዥው ብሎ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ድምፅ ሰማች።

«እንዴት አረፈድሽ፣ እመት አህያ! ሳልመጣ አንጥፈሽ ጠበቅሽኝ? ቁርበት ባይሆንም ግድ የለም፣ ላስቲክም ይበቃኛል!»

ጅብ ነው። በብብቱ ሥር አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ይዟል።

አህያ ከፒክአፗ ሥር ወጣች። «አያ ጅቦ፣ በጌታው አንበሳ ግቢ ጎረቤት መብላት ክልክል ነው!»

«አንቺን ማን አለ? ምንም እንኳ ጭንሽ… ይቅር። የመጣሁት ለዘይቱ ነው። ልትደፊው ነው ብሎ ጋሽ ቀበሮ ነገረኝ። ነውር አይደለም? ዘይት በተወደደበት ዘመን!»

«ይሄ የሞተር ዘይት ነው እኮ።»

«ሞተር የማን ሥጋ ነው?»

«ሥጋ አይደለም! አታየውም እንዴ እንዴት እንደጠቆረ?»

«የጠቆረውማ ብዙ ስለተጠበሰበት ነው። ስንት ሆነው?»

«አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር።»

ጅብ ከ«ኪሎ» ወዲያ ያለውን አልሰማም። «አምስት ሺህ ኪሎ!» አለና ምራቁን ዋጠ። «አምስት ሺህ ኪሎ የተጠበሰበት!»

«አትንካው፣ ትኩስ ነው!»

«ትኩስ!» አለ ጅብ፣ ዓይኑ እየበራ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል? ድፎውን ይዞ ከፒክአፗ ሥር ዘለቀ፤ ዳቦውን ከነአፍንጫው ሳፋው ውስጥ ነከረ።

«ዋይ! ምላሴን!»

ብድግ ሲል አናቱ ከሞተሩ ጋር ጓ! ተጋጨ። የኋላ እግሩ ሳፋውን መታው። ሳፋው በጎኑ ተገለበጠ።

አህያ ዓይኗን ጨፈነች። ጆንያው ጀርባዋ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ነጩን ድንጋይ፣ የተከፈተውን በር፣ ጌታው አንበሳን አየቻቸው። ቀስ ብላ ዓይኗን ስትገልጥ ግን ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ተንጣሎ፣ ሰጋቱራው እየጠጣው፣ ከፍ ካለው የላስቲክ ጠርዝ ጋር ሲደርስ ቆሟል።

«ውሃ! ውሃ!» ይላል ጅብ፣ አራት እግሩ ዘይት እንደጠጣ። አንድ እግሩን ወደ ነጩ ድንጋይ አነሣ።

«እንዳትረግጥ!» ጮኸች አህያ። «ውሃው ከአጥሩ ማዶ ነው! ዝለል እንጂ አትራመድ!»

ጅብ ዘለለ። ከአጥሩ ወዲያ ቦጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

አህያ ጊዜ አላጠፋችም። በሳፋው የቀረውን በጀሪካን ገለበጠች፤ ካርቶኑንና ሰጋቱራውን በላስቲኩ ጠቅልላ አሰረች። ፊልትሮውን ቀየረች፣ ቡሎኑን አጠበቀች። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ በሞተሩ ላይ ደፍታ አዲሱን ዘይት እንደ ማር አወረደችው። ዘንጉን መዝዛ አየች፤ ልክ ነው። ክዳኑን ስትገጥም ጌታው አንበሳ በቀበሮ እየተመሩ ገቡ።

«ዘይት ይፈሳል፣ ጌታዬ! እስካሁን ግቢው ታጥቦበታል! ይህችን ከነመኪናዋ…»

ጌታው አንበሳ መነጽራቸውን አጥልቀው አጎነበሱ። አንድ በአንድ ድንጋዩን አዩ። ከኋለኛው ጎማ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቀበሮ ከንፈሩን ላሰ። ጌታው አንበሳ ጥፍራቸውን ዘረጉ።

ነጥቧ ተነሥታ በረረች።

«ዝንብ ናት» አሉ ጌታው አንበሳ።

ወዲያው ከአጥሩ ማዶ «ጋሽ ቀበሮ! ዘይትህ እኮ ጨው የለውም!» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ጅብ የቀበሮ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ተቀምጦ ምላሱን በነጩ ጋቢ ይጠርጋል። ድንጋዩ፣ ደጃፉ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ጥቁር የጅብ ዱካ ሆኗል።

ጌታው አንበሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዘይት ፈስሷል ማለትህስ እውነትህን ነው። የማን ደጅ እንደሆነ ነው የሳትከው። እስከ ማታ ካልነጣ፣ አንተም ወንበርህም ውጪ ናችሁ!»

ቀበሮ ጅራቱን ቆልፎ ወደ አህያ ዞረ። «እመት አህያ… እህቴ… ያ ሰጋቱራ ተርፎሽ ይሆን?»

«ሞልቷል፣ ጋሽ ቀበሮ። ግን ይሄ ነገር የሚበተነው ቀድሞ ነበር» አለችና ግማሽ ጆንያ ሰጠችው።

ፒክአፗን ስታስነሣ ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ። ጆንያዋን ከኋላ፣ አሮጌውን ዘይት የያዘውን ጀሪካን ለጋራዡ ከጎኗ አድርጋ ስትወጣ፣ ከናፍሩ የጠቆረው ጅብ በሩ ላይ አስቆማት።

«እመት አህያ፣ ያ ኪሎ ሜትር የሚባለው ሥጋ የት ነው የሚሸጠው?»

«ሩቅ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ምን ያህል ይርቃል?»

«አምስት ሺህ ኪሎ!» አለችው፤ ጥሩምባዋን ስትነካ መጥረጊያዋ ተወዛወዘ። «ዞር በል እስቲ፣ ጭነት ነው!»

ከዚህ የምንማረው ከመፍታቱ በፊት ያነጠፈ ሲፈስ እንደማይጨነቅ፣ በጎረቤቱ ደጅ እንዲፈስ የተመኘ ግን የራሱን ደጅ ሲፈገፍግ እንደሚመሽበት ነው።